ተመላሹ እንግዳ የማን ደንበኛ ነው?

የንግድ ሁሉ መሠረቱ ደንበኛ መሆኑን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደ ሰው ገና ገበያተኛ ነው፤ ደንበኛ የሚባለው ተመልሶ የመጣ ዕለት ነው። ከመርካቶ ሱቅ አንሥቶ እስከ ቡና ላኪው መሥሪያ ቤት ድረስ የታወቀው ይህ ደንብ፣ በአዲስ አበባ በአንድ የንግድ ዘርፍ ሲዘነጋ ይታያል። ይኸውም ዕቃ የተሟላላቸውን ቤቶችና አፓርትማዎች ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ለእንግዳ የማከራየት ሥራ ነው።

ከአከራዮቹ ብዙዎቹ እንግዳ የሚያገኙት በኢንተርኔት በሚያገናኙ የውጭ ድርጅቶች በኩል ነው። ከእነዚህም መካከል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 የተጀመረው ቡኪንግ ዶት ኮምና በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ኤርቢኤንቢ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ሥራቸው ከጥንቱ የደላላ ሥራ የራቀ አይደለም፤ ቤት ያለውን ቤት ከሚፈልገው ጋር ያገናኛሉ፤ ስለ ድካማቸውም ኮሚሲዮን ይቀበላሉ። ልኩ እንደየውሉ ቢለያይም፣ ከኪራዩ በመቶ 15 አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ቤታችንን እንዲያገኝ ስለሚያደርጉ፣ ይህ ዋጋ በዛ ተብሎ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበው ነገር ግን ያው እንግዳ በተመለሰ ቍጥር ያው የማስተዋወቂያ ዋጋ የሚከፈል መሆኑ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። የአንድ ሌሊት ኪራይ 40 የአሜሪካ ዶላር ነው እንበል። አሥር ሌሊት ያደረ እንግዳ 400 ዶላር ሲከፍል፣ ከዚህ ላይ 60 ዶላር ለኮሚሲዮን ወጥቶ ለአከራዩ 340 ይቀራል። በራሱ መንገድ አከራዩን ላገኘ እንግዳ ግን ከዋጋው 30 ዶላር ቢቀነስለት፣ እንግዳው 370 ከፍሎ ደስ ይለዋል፤ አከራዩም 30 ዶላር አብልጦ ያገኛል።

ከገንዘቡም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። እንግዶቹን ሁሉ ከአንድ አገናኝ ብቻ የሚጠብቅ አከራይ፣ ቤቱ የራሱ ሲሆን ገበያው የሰው ነው። ድርጅቱ ደንቡን የለወጠ ወይም የቤቱን ስም ከዝርዝሩ ግርጌ ያወረደ ቀን ቤቱ ባዶ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ውል የተከበረ ነገር ነው። ኤርቢኤንቢ ለምሳሌ በእርሱ በኩል የመጣውን እንግዳ ለወደፊቱም ቢሆን ከእርሱ ውጭ ቤት እንዲይዝ መጋበዝን በደንቡ ይከለክላል። ስለዚህ አከራዩ የፈረመውን ውል በሚገባ ማንበብና በዚያው መጽናት ይገባዋል፤ ውል ያፈረሰ ሰው ከዝርዝሩ ሊሰረዝ ይችላልና። በቀጥታ የሚመጣውን እንግዳ ውል በማይነካ በር መፈለግ ነው የሚሻለው።

ይህም በር ሰፊ ነው። በገናና በጥምቀት፣ በጥርም የሠርግ ወራት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን፣ ማረፊያ የሚያፈላልጉላቸው ዘመዶች እዚሁ አሏቸው። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደረግ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። አስመጪውና ላኪውም ዕቃ አቅራቢዎቹንና ገዢዎቹን በየጊዜው ይቀበላሉ። አከራዩ ከእነዚህ ሰዎችና መሥሪያ ቤቶች ጋር በቀጥታ ቢተዋወቅ፣ እንግዳው ከመጀመሪያው የራሱ ደንበኛ ይሆናል። ቤቱም የራሱ ስም፣ የማይለወጥ ስልክ ቍጥርና ማንም ሊያየው የሚችል የኢንተርኔት ገጽ ሊኖረው ይገባል።

እንግዳው ከመጣ በኋላ የሚመልሰው አቀባበሉ ነው። ውሃ ሲጠፋ በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔት፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሰዓቱ የሚቀበል መኪና፤ እነዚህ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጣሉ። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ የመጣ ሰው ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ ካላገኘ ወጪውን ለአሠሪው ማስረዳት ስለማይችል፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ዳግመኛ አያርፍም። በእንግዳው ፈቃድ ስሙን፣ የመጣበትን ወራትና የወደደውን ነገር በመዝገብ መያዝም ይጠቅማል። ባለፈው ዓመት ጸጥ ያለውን የጓሮ ክፍል የመረጠ ሰው፣ ዘንድሮ ሳይጠይቅ ያው ክፍል ቢዘጋጅለት የታወሰ መሆኑን ይረዳል።

በቀጥታ የሚይዝ እንግዳ አንድ ተገቢ ሥጋት እንዳለው መርሳት አይገባም። ኤርቢኤንቢ ገንዘቡን ለአከራዩ የሚለቀው እንግዳው ከገባ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ዋስትና አለው። በቀጥታ ሲይዝ ግን ዋስትናው የአከራዩ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀብዱ አነስተኛ ይሁን፤ ቀኑ፣ ዋጋውና ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ይሰጠው። ቤቱ የተያዘበት ቀንም በዚያው ሰዓት በሌሎቹ ዝርዝሮች ላይ ይዘጋ፤ ለሁለት ሰው የተሰጠ አንድ ክፍል የብዙ ዓመት ስም ያጠፋልና። ከኮሚሲዮን መዳን ከግብር መዳን አለመሆኑም ይታወስ፤ የውጭ ገንዘብም በባንክ በኩል ይመንዘር።

አገናኞቹን ፈጽሞ መተው ግን አይመከርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው እንዳይሆን፣ አዲሱን እንግዳ በእነርሱ እየተቀበሉ የራስን ደንበኛ ቀስ በቀስ ማብዛት ነው የሚበጀው። ባለሱቁ የደንበኛውን ስምና የሚወደውን ዕቃ በልቡ እንደሚይዝ ሁሉ፣ አከራዩም ይህን ልማድ ወደ ቤቱ ያስገባ። እንግዳው በሚቀጥለው ዓመት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ አስቀድሞ የሚያስበው ቤት የእርሱ ይሆናል።