የራስን ሰዓት መስረቅ ይቻላል? የሕንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ምን ይለካል

አንድ ሰው የእጅ ሰዓቱን ያስጠግናል። ሥራው ያልቃል፤ ዋጋው ግን አልተከፈለም። ሰዓት ሠሪው ሒሳቡን እስኪቀበል ድረስ ሰዓቱን በመያዣነት የማቆየት ሕጋዊ መብት ስላለው አቆይቶታል። ባለቤቱ ይህን መያዣ ሊያሳጣው አስቦ ሰዓቱን ከሱቁ አንሥቶ ይሄዳል። ሰውየው ሰርቋል? ከብዙዎቻችን አፍ ፈጥኖ የሚወጣው መልስ «የገዛ ንብረቱን እንዴት ይሰርቃል?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሶ ድርጊቱን ስርቆት ይለዋል። በዚያ ሕግ ስርቆት የሚለካው በይዞታ እንጂ በባለቤትነት አይደለም፤ ተንቀሳቃሽ ዕቃን ያለ ባለይዞታው ፈቃድ፣ ያላግባብ ለመውሰድ አስቦ፣ ከይዞታው ያንቀሳቀሰ ሁሉ ሰርቋል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ አሮጌውን ሕግ የተካው አዲሱ ሕግም ይህን ትርጓሜ ይዞ ቀጥሏል። በሕንድ ሕግ መማር የሚፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ የራሱን የፍትሕ ስሜት ለጊዜው ገታ አድርጎ፣ የተሰጠውን ደንብ ቃል በቃል ተከትሎ መወሰን ይችል እንደሆነ ነው። ይህ ችሎታ በልምምድ ይገኛል። የሚገኘው ግን ጥያቄ በማብዛት ሳይሆን የተጣለው የመልስ ምርጫ ለምን እንደተጣለ ምክንያቱን በጽሑፍ በመስጠት ነው።

ፈተናው «ክላት» በሚል አጭር ስም ይታወቃል። የሕንድ ብሔራዊ የሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በባንጋሎር በተከፈተው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መሥራች ዳይሬክተሩ ኤን. አር. ማዳቫ ሜነን ነበሩ። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ተቀብሎ በአምስት ዓመት የሚያስመርቀው ይህ ትምህርት ቤት ስሙ ሲገን ሌሎች ክፍላተ ሀገርም የየራሳቸውን ከፈቱ። ሁሉም ለየብቻ ይፈትኑ ስለነበር ተማሪው ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ለእያንዳንዱ እየከፈለ፣ አንዳንዴም በተጋጩ ቀናት መካከል እየመረጠ ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩ በአቤቱታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በማግስቱ ዓመት ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ለመፈተን ተስማሙ፤ የመጀመሪያው የጋራ ፈተናም በ2008 ተሰጠ። አሁን ኃላፊነቱን የያዘው በ2017 የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲዎቹ ጥምረት ነው። የዴልሂው ብሔራዊ የሕግ ዩኒቨርሲቲ ግን እስካሁን የራሱን ፈተና ይሰጣል።

ለልምምድ ጉዳይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2020 ነው። ከዚያ በፊት 200 ጥያቄዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በቃል የተያዘ ነገር የሚጠይቁ አጫጭር ጥያቄዎች ነበሩ፤ የሕግ ቃላትንና ድንጋጌዎችን የሸመደደ ተማሪ ብልጫ ነበረው። ከ2020 በኋላ ሁሉም ክፍል በምንባብ ላይ ተመሠረተ፤ ጥያቄው ወደ 150፣ ቆይቶም ወደ 120 ወረደ፤ ጊዜው ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ምንባብ እስከ 450 ቃላት ይደርሳል። በሕግ ክፍሉ ምንባቡ ራሱ ደንቡን ይነግርሃል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች አዳዲስ ሁኔታዎችን ይደረድራሉ፤ አንተ ደንቡን ከሁኔታው ጋር ታዛምዳለህ። ቀድሞ ሕግ ማወቅ አይጠበቅብህም። እንዲያውም ከውጭ ያመጣኸው ዕውቀት ከምንባቡ ደንብ ጋር ከተጋጨ የሚያስትህ እሱ ነው።

ወደ ሰዓቱ ጉዳይ እንመለስ፤ ጥሩ ልምምድ ምን እንደሚመስል ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። ደንቡን ስንበትነው አምስት ነጥቦች ይወጡታል፦ ዕቃው ተንቀሳቃሽ መሆኑ፣ በሰው ይዞታ ሥር መሆኑ፣ የባለይዞታው ፈቃድ አለመኖሩ፣ ያላግባብ የመውሰድ ሐሳብ፣ እና ዕቃውን ማንቀሳቀስ። የእኛ ሰው አምስቱንም አሟልቷል። ዕቃው የማን ነው የሚለው ከአምስቱ ውስጥ የለም፤ እኛ ከልምዳችን የጨመርነው ስድስተኛ ነጥብ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፦ ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን የሚያቆይበት ዕዳ የለም እንበል፤ ባለቤቱ በግልጽ ወደ ሱቁ ገብቶ ሰዓቱን በኃይል ቀምቶ ይወጣል። ድርጊቱ ከፊተኛው ይልቅ ዓይን ያወጣ ይመስላል። ሕጉ ግን ስርቆት አይለውም፤ ያላግባብ የመውሰድ ሐሳብ ስለጎደለ። ያለ ፈቃድ በመግባት ወይም በእጅ እልፊት ይጠየቅ ይሆናል፤ ያ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ነጥብ እንደተለወጠና ውሳኔው ለምን እንደተገለበጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ተማሪ፣ ሃምሳ ጥያቄ ሞልቶ የመልስ ቁልፉን ብቻ ካየው የበለጠ ተምሯል።

«የማመዛዘን ችሎታ ከተፈጥሮ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» የሚል ተቃውሞ መቼም አይጠፋም። የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የፒተር ዌሰን ሙከራ ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአንድ ገጻቸው የላቲን ፊደል፣ በሌላው ቁጥር ያለባቸው አራት ካርዶች አዘጋጀ። ለተፈታኙ የሚታዩት አንድ አናባቢ፣ አንድ ተነባቢ፣ ቁጥር 4 እና ቁጥር 7 ናቸው። ደንቡ፦ በአንድ ገጽ አናባቢ ካለ በሌላው ገጽ ተጋማሽ ቁጥር አለ። ደንቡ መጣስ አለመጣሱን ለማወቅ የትኞቹ ካርዶች ይገለበጡ? አብዛኛው ሰው አናባቢውንና 4ን ይመርጣል። ትክክለኛው መልስ ግን አናባቢውና 7 ነው፤ ከ4 ጀርባ ምንም ቢኖር ደንቡ አይጣስም፣ ከ7 ጀርባ አናባቢ ቢገኝ ግን ይጣሳል። ይህን በትክክል የሚመልሱት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም። በ1982 ሪቻርድ ግሪግስና ጄምስ ኮክስ በፍሎሪዳ ያንኑ ጥያቄ ልብሱን ቀየሩት፦ ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ከ19 በላይ መሆን አለበት፤ ቢራ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ፣ የ16 ዓመት ልጅ እና የ22 ዓመት ወጣት አሉ፤ ማንን ትመረምራለህ? በዚህ ጊዜ ከአራት ሦስቱ ያህል በትክክል መለሱ፦ ቢራ የያዘውንና የ16 ዓመቱን ልጅ። የሁለቱ ጥያቄዎች አጥንት አንድ ነው። በተፈጥሮ የተወሰነ መጠን ቢሆን ኖሮ ችሎታው በአንድ የልብስ ለውጥ እንዲህ ባልዘለለ ነበር። ሰዎቹ የጎደላቸው የደንቡን መጣሻ መፈለግ ነው፤ ይህ ደግሞ በክላት የሎጂክ ክፍል የሚለመድ ሥራ ነው፦ «ይህ ድምዳሜ ሐሰት ቢሆን ምን ማየት ነበረብኝ?» ብሎ መጠየቅ።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አሊሰን ማኪ፣ ሲልቪያ በንጅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ያወጧቸው ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ለአሜሪካው የሕግ ትምህርት መግቢያ ፈተና ሦስት ወር ያህል በክፍል የሠለጠኑ ወጣቶችን አንጎል ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በምስል ሲያነሡ፣ የፊተኛውንና የላይኛ ኋለኛውን የአንጎል ክፍል በሚያገናኙ መስመሮች ላይ ለውጥ አዩ፤ ካልሠለጠኑ እኩዮቻቸው ጋርም አነጻጸሩ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሠልጣኞቹ በኑሯቸው ሁሉ ብልህ ሆኑ ማለትም አይደለም። ቢያንስ ግን ልምምዱ የፈተና ብልሃት ብቻ ነው የሚለውን አባባል ያላላዋል።

የክላት የስሌት ክፍል አነስተኛ ነው፤ ከጠቅላላው አሥር ከመቶ ያህል። ይዘቱም ከ10ኛ ክፍል ሒሳብ አይዘልም፦ ጥምርታ፣ መቶኛ፣ አማካይ። የሚያስተው ስሌቱ ሳይሆን «ከምን ላይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። 500 ሩፒ የነበረ ዕቃ በ20 ከመቶ ጨምሮ በ20 ከመቶ ቢቀንስ ወደ 500 አይመለስም፤ 600 ይደርስና 480 ላይ ይወርዳል፤ ሁለተኛው 20 ከመቶ የተወሰደው ከ600 ነውና። ይህን ጥንቃቄ የፈተናውን ነጥብ አሰጣጥ ለመረዳትም እንጠቀምበት። ትክክለኛ መልስ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ የተሳሳተ ሩብ ነጥብ ይቀንሳል፤ ምርጫው አራት ነው። 16 ጥያቄዎችን በዕውር ድንብር የሞላ ሰው በአማካይ 4 ያገኛል፤ 12 ይስታል፤ የ12ቱ ስሕተት 3 ነጥብ ይወስድበታል፤ በእጁ የሚቀረው 1 ነው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ምርጫዎችን በምክንያት ጥሎ በቀሩት ሁለት መካከል የገመተ ግን በአማካይ 8 ያገኛል፤ 8 ይስታል፤ 2 ይቀነስበታል፤ 6 ይቀረዋል። ትክክለኛውን መልስ ሳያውቅ፣ ስሕተቱ ለምን ስሕተት እንደሆነ በማወቁ ብቻ ስድስት እጥፍ አገኘ። ፈተናው ራሱ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

«120 ጥያቄ በ120 ደቂቃ፣ ምንባቡም ጭምር፤ ቁጭ ብሎ ምክንያት ለመጻፍ ጊዜው ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሠልጣኞች ትክክለኛ ችግር ያነሣሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሰዓት የታሰረ ሙሉ ፈተና መሥራት ግድ ነው። ሆኖም ሰዓት የሚያልቀው በአብዛኛው በማሰብ ብዛት ሳይሆን ያንኑ ምንባብ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በማንበብ ነው፤ ደንቡን በመጀመሪያው ንባብ በነጥብ በነጥብ መበተን የለመደ ተማሪ ግን አይመለስም። ፍጥነት የዚህ ልማድ ውጤት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰዓት መቁጠር ያንኑ ስሕተት በፍጥነት መሥራትን ያስተምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብና የቋንቋ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የማስጠኛ ተቋማት ክፍያም ለድሃ ቤተሰብ ልጅ የማይቀመስ ነው። ይህን አልክድም፤ ልምምድ ያሻሽላል ማለት ሁሉም እኩል የመለማመድ ዕድል አለው ማለት አይደለም። የሕግ ፕሮፌሰሩ ሻምናድ ባሺር እ.ኤ.አ. በ2010 «አይዲያ» የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ለዚህ ነበር፤ ከተገፋ የኅብረተሰብ ክፍል የመጡ ልጆችን አሠልጥኖ ወደ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስገባት። ባሺር በ2019 ቢያርፉም ድርጅቱ ቀጥሏል። ችሎታው ከተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ በሆነ ነበር።

የፍትሕ ስሜትን ገታ ማድረግ ልበ ደረቅ ጠበቃ ያፈራል ብለው የሚሰጉም አሉ። እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ። ሰዓቱን በግልጽ የቀማው ሰው በስርቆት አለመጠየቁ ቅር ያሰኘው ተማሪ ቅሬታውን በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚያነሣ የሚያውቀው ሕጉን እንደተጻፈ አድርጎ ማንበብ ሲችል ነው። ምኞቱን ከድንጋጌው ጋር ያቀላቀለ ሰው የሕጉን ጉድለት አያየውም፤ ስለዚህም ይሻሻል ብሎ መከራከር አይችልም።

በእኛም አገር የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ተፈታኝ አፕቲቲዩድ የሚባለውን ፈተና ይወስዳል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክትም የቃል፣ የስሌትና የትንታኔ ጥያቄ ያለበት የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። «አፕቲቲዩድ አይጠናም» የሚለውን የተለመደ ምክር አትቀበሉ። የቆዩ ፈተናዎችን ሰብስቡ፤ በቀን አሥር ጥያቄ ብቻ ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጣላችኋቸውን ሦስት ምርጫዎች ለምን እንደጣላችሁ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፤ መልስ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ግለጡ።