ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

ዛሬ ስለ ሀዘን እናውራ።

ገፈርሳ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጎልማሳ መጣ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። "ዶክተር፣ ጨጓራዬን ያመኛል፣ እንቅልፍም የለኝም" አለኝ። ምርመራው ምንም አላሳየም። "ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" ስለው አቀረቀረ። ባለቤቱ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። "ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ..." አለ። ልጆቹ ፊት አልቅሶ አያውቅም።

የዲናው መንግሥቱ ልብ ወለድ ትዝ አለኝ፤ "ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ"፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው። በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች ቤት ሲፈትሹ የልጁን ወረቀቶች ያገኛሉ። አባት "የኔ ናቸው" ብሎ ይወሰዳል። ልጁ ሴፋ ተሰዶ ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ይከፍታል። 17 ዓመት አልፎም ልቡ እዚያው ቀን ላይ ነው። እሱንም እንደ ታካሚዬ የያዘው "በኔ ምክንያት ነው" የሚለው ሀሳብ ነው።

ሀዘን በሽታ አይደለም። ለቅሶው፣ ዕድሩ፣ ሰልስቱ ያግዛሉ። ግን ከ6 ወር በላይ አልፎም፦

✅ ናፍቆቱ ወይም ጸጸቱ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ
✅ ሥራና ቤተሰብን መምራት ካቃተ
✅ ሞቱን አምኖ መቀበል ካልተቻለ

"የተራዘመ ሀዘን" ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል፤ በንግግር ሕክምናም ይረዳል። "መሞት እፈልጋለሁ" የሚል ሀሳብ ከመጣ ግን 6 ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል!

የእንቅልፍ ኪኒን በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በአረቄም አታደንዝዙት። ሱስ ይጨመርበታል እንጂ ሀዘኑን አይወስድም።

ታካሚዬ የአእምሮ ሐኪም ስለው ደነገጠ። "ማገገሚያው ልታስገባኝ ነው?" አለኝ። እኛ ሰፈር ስለ አእምሮ ሕመም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የገፈርሳ ማገገሚያ ማዕከል ነው። "አይ ጋሼ፣ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ሰው ነው የምፈልግልዎት" አልኩት። ትንሽ አሰበና እሺ አለ። በሁለተኛው ቀጠሮ ከትልቋ ልጁ ጋር መጣ፤ ስለ እናቷ አብረው አልቅሰዋል።

እናንተም ዙሪያችሁን እዩ። ለቅሶ ደርሳችሁ የተመለሳችሁበት ቤት አለ። ድንኳኑ ከተነቀለ ወራት አልፈዋል፣ ስልክም የሚደውል የለም። ዛሬ ደውሉ። "በርታ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም" አትበሉት። የሟቿን ስም ጠርታችሁ "እስቲ ስለሷ አጫውተኝ" በሉት። ከዚያ አዳምጡ።

መልካም ጤና! ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።