የእንሶስላን ዘመድ የሚነቅሉ እጆች

የእኛ አገር ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚሞቁት እንሶስላ ስዊድን ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ዘመድ አለው። ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን ለግቢ ጌጥ ተብሎ አውሮፓ የገባ ተክል ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ስዊድኖች ዬተባልሳሚን ይሉታል። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ሲነኩት ይፈነዳና ዘሩን እስከ 7 ሜትር ይረጫል፤ አንዱ ተክል ብቻውን 800 ያህል ዘር ሊሰጥ ይችላል። ወንዝ ዳር ከሰፈረ የአገሬውን ሣርና አበባ ጥላ አልብሶ ያጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶታል።

መድኃኒቱ ግን እጅ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ሳብ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ይነቀላል። በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነውና፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በላይ ስለማይቆይ፣ ፍሬ ሳይዝ በየበጋው እየተመለሰ የሚነቅለው ሰው ውሎ አድሮ ያሸንፈዋል። አንድ በጋ የዘለለ ግን እንደገና ከሀ ሊጀምር ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ያንኑ ሥራ፣ እዚያው ቦታ፣ ሳይሰለች የሚደግም ሰው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ይገኛሉ።

ወደዚህ ሥራ የሚያመጣቸው ዳግሊግ ቨርክሳምሄት፣ በእኛ አባባል የዕለት ሥራ ማዕከል፣ የተባለው አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኤል ኤስ ኤስ የተባለ ሕግ ከሚዘረዝራቸው 10 የድጋፍ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ ለመሥራት ዕድሜው ደርሶ ሥራም ትምህርትም የሌለው ባለመብት የሚውልበትን ቦታ ኮሚዩኑ፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር፣ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። በጎ ፈቃድ አይደለም፤ መብት ነው። መብቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለባቸውና አዋቂ ከሆኑ በኋላ በአንጎል ጉዳት ከባድ የአእምሮ ውስንነት ለገጠማቸው ነው። ሕጉ በሌሎች ድጋፎች የሚያቅፋቸው ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ግን በዚህኛው የሉበትም። ለእኔ ይህ መሥመር የት ላይ እንደተሰመረ ግልጽ ቢሆንም ለምን እንደተሰመረ አይዋጥልኝም።

አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ ሽመና፣ አንዱ ከእንስሳት ጋር ይመደባል፤ ጫካ የወደደው ጫካ ይገባል። ጠዋት ቦት ጫማ ይጠለቃል፤ የቀኑ ሥራ በሥዕል ተደርድሮ ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ጥቂት ሆነው ከአስተባባሪዎቻቸው ጋር በሚኒባስ ይወጣሉ። የሰዓት ንባብ ለሚያስቸግረው ሰው ነጠብጣብ መብራት ያለው ሰዓት አለ፦ አንዱ ነጠብጣብ ሩብ ሰዓት ነው፤ አንድ በአንድ እየጠፉ ሲያልቁ የሥራው ጊዜ አበቃ፣ ቡና ደረሰ ማለት ነው። ፊካ የሚሉት ይህ የቡና ዕረፍት አይነካም። ጀበናው ፔርሙዝ ይሁን እንጂ ነገሩን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሥራው ከነቀላ ያለፈ ነው። በእግር መንገዶቹ ዳር የወዳደቀ ፕላስቲክና ቆርቆሮ በረጅም መቆንጠጫ ይለቀማል። የመጠጥ ጣሳ ሲገኝ ደስታ ነው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለጣሳ ማስያዣ የምታስከፍል አገር ስለሆነች መላሹ ገንዘብ ይቀበላል። መንገድ የዘጋ ቅርንጫፍ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ለሽርሽረኞች የእሳት ቦታ ማገዶ ይፈለጣል። የሞተር መጋዝ የሚይዘው ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምን እንደማይነሣ ማወቅ ነው። በእኛ ግቢ የወደቀ ግንድ ማገዶ ነው፤ እዚያ ግን የበሰበሰ ግንድ የሺዎች ነፍሳትና እንጉዳዮች ቤት ስለሆነ ሆን ተብሎ ይተዋል። ቢራ ጠርሙሱ ይወጣል፣ አጠገቡ የተጋደመው ግንድ ይቀመጣል። ይህን ለመለየት ፎቶና ድግግሞሽ ይረዳሉ፤ አንዳንዱ ሠራተኛ አንዴ ከገባው ደግሞ ጎብኚው የማያየውን ያያል።

የዕለት ሥራ ማዕከል ሐሳብ ሥሩ ቤንት ኒርዬ ወደተባለ ስዊድናዊ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው የቀን፣ የሳምንትና የዓመት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል አለ፦ ተነሥቶ መልበስ፣ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ መዋል፣ ማታ መመለስ። ለዘመኑ ተራ ሐሳብ አልነበረም። ያን ጊዜ ብዙዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተኝተው፣ በልተው፣ ውለው፣ አርጅተው ይሞቱ ነበር። ስዊድን እነዚያን ተቋማት እ.ኤ.አ. እስከ 1999 መጨረሻ እንዲዘጉ በሕግ ወሰነች። ሚኒባሱ ጠዋት የሚነሣው ከዚያ ታሪክ ነው።

ታዲያ ይህ ሥራ ነው? በሕጉ አይደለም፤ ደመወዝ የለውም። ኑሮአቸው የሚቆመው ከማኅበራዊ ዋስትና በሚከፈላቸው አበል ነው፤ ኮሚዩኑ ከፈቀደ በላዩ ትንሽ የማበረታቻ ገንዘብ ይሰጣል፣ ካልፈቀደ አይሰጥም። ከዚህ ተነሥተው ደመወዝ ያለው ሥራ የሚገቡት በጣም ጥቂት ናቸው። ወንዙ ዳር ግን የተነቀለው ተክል ደመወዝ ባለው እጅ ቢነቀል የተለየ አይሆንም ነበር። እዚህ ላይ ሕጉ ከጫካው ኋላ የቀረ ይመስለኛል። ስዊድን ውስጥ በአስተባባሪነትና በረዳትነት የሚተዳደሩ ሐበሾች አሉ፤ እነሱ በወር መጨረሻ ደመወዝ ይወስዳሉ፣ አብሯቸው ሲነቅል የዋለው ደግሞ ካለ የማበረታቻ ገንዘቡን ይቆጥራል።

ክረምት ሲመጣ ወፍ ቤት መሥራትና እንጨት መፍለጥ ይበዛል። በበጋ ግን ከሰዓት በኋላ የተነቀለው ሁሉ እዚያው ተጥሎ አይተውም፦ እርጥብ አፈር ካገኘ ተሰባብሮም ቢሆን ሥር ስለሚሰድ ድንጋይ ላይ ይከመራል፣ ፍሬ የያዘው በከረጢት ታስሮ ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ከዚያ ጓንት ይወልቃል፣ ሱሪ ላይ መዥገር ይፈለጋል፣ ሚኒባሱ ይነሣል።