ደጋው ያለቀባቸው ወፎች

ወባ የቆላ በሽታ መሆኑን ለሀገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቆላ ወርዶ የሚያርስ የደጋ ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ለመውጣት የሚቸኩለው አንድም በዚህ ምክንያት ነበር። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሃዋይ ደሴቶች የሚኖሩ ወፎችም እስከ ዛሬ የተረፉት ደጋ ላይ በመስፈራቸው ነው። አሁን ግን ምድር በሞቀች ቁጥር ደጋው ከሥራቸው እየጠበበ ነው።

የወፍ ወባ ከሰው ወባ የተለየ ነው፤ ሰውን አይይዝም፤ የምታስተላልፈውም ሌላ ዓይነት ቢምቢ ናት። ከሙቀት ጋር ያለው ዝምድና ግን ተመሳሳይ ነው።

ቢምቢ የማያውቅ ምድር

ሃዋይ ከአህጉራት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ደሴቶቹ በእሳተ ገሞራ ከባሕር ወለል የተነሡ እንጂ ከሌላ የብስ ጋር ተያይዘው አያውቁም። በጥንት ጊዜ እዚያ የደረሰው ፍጥረት በክንፉ የበረረ፣ ነፋስ የወሰደው ወይም ማዕበል የገፋው ብቻ ነበር። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከእስያ የመጡ ትንንሽ ወፎች በየደሴቱና በየጫካው ተለያይተው ሲራቡ ከ50 በላይ ዝርያዎች ተገኙ። አንዱ ፍሬ ይሰብራል፤ አንዱ ከግንድ ውስጥ ትል ፈልፍሎ ያወጣል። ኢኢዊ የምትባለው ደማቅ ቀይ ወፍ ደግሞ ማጭድ በመሰለ ምንቃሯ የአበባ ወለላ ትቀስማለች። የጥንት የሃዋይ መኳንንት ካባቸውን ያስጌጡት በእርሷ ላባ ነበር።

በእነዚህ ደሴቶች ቢምቢ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1826 ገደማ ማዊ ደሴት ላይ የቆመች መርከብ በውኃ በርሜሏ የቢምቢ እጭ ይዛ እንደገባች ይታመናል። በሽታው ደግሞ ሰዎች ከውጭ ካመጧቸው ወፎች ጋር መጣ። የአገሬው ወፎች ከዚያ በፊት ወባን ስለማያውቁት ሰውነታቸው የሚከላከልበት አቅም አልነበረውም። በአንድ ሙከራ፣ በሽታው ባለባት ቢምቢ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነከሱ ኢኢዊዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ሞተዋል።

ተመራማሪዎቹ ያዩት

የቆላው ጫካ ከአገሬው ወፎች ባዶ የሆነበትን ምክንያት ለረጅም ጊዜ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሪቻርድ ዋርነር የተባለ ተመራማሪ ጥፋቱን ከቢምቢና ከምታስተላልፋቸው በሽታዎች ጋር አያይዞ አሳየ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ወፎቹ በጤና የሚኖሩት በአብዛኛው ከ1,500 ሜትር በላይ መሆኑን አስተዋሉ። እዚያ ከፍታ ላይ ቢምቢ ትጠፋለች፤ ብትገኝም ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲያንስ የወባው ተሕዋስ በሰውነቷ ውስጥ ማደግ ያቆማል።

ችግሩ ይህ የብርድ አጥር ቋሚ አለመሆኑ ነው። ካርተር አትኪንሰንና ባልደረቦቹ በካዋይ ደሴት፣ አላካይ በተባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ የወፎችን ደም መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከነበረው ጋር ሲያነጻጽሩ የወባው ስርጭት ከእጥፍ በላይ ማደጉን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳወቁ። የካዋይ ትልቁ ጫፍ 1,600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወፎቹ ከዚያ በላይ የሚሸሹበት መሬት የለም። በዚያው ደሴት ብቻ ከምትገኘው፣ አኪኪኪ ከተባለችው ወፍ እ.ኤ.አ. በ2023 በጫካ ውስጥ የቀሩት አምስት ያህል ብቻ ነበሩ።

በእኛም ሀገር የታየው ከዚህ ጋር ይገጥማል። በዚያው በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት የሰው ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ሰው ግን አጎበር ይሰቅላል፣ መድኃኒት ይወስዳል። የሃዋይ ወፍ ያላት መጠለያ ከፍታ ብቻ ነው።

ምን እየተደረገ ነው?

አንዱ ሥራ አጥር ነው። ሰው ያመጣቸው፣ በኋላ የዱር የሆኑ አሳማዎች የትልልቅ ፈርኖችን ግንድ ቦርቡረው ይበላሉ፤ በቦረቦሩት ጉድጓድ ዝናብ ሲጠራቀም ቢምቢ ትራባበታለች። ስለዚህ ጫካውን ከአሳማ መከለል የቢምቢን መራቢያ መቀነስ ነው።

ወፎቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኪዊኪው የተባሉ ብርቅዬ ወፎች በማዊ ወደ ሌላ የተራራ ገጽ ተወስደው ነበር፤ ቢምቢ እዚያም ቀድማ ስለወጣች አብዛኞቹን ወባ ፈጃቸው።

ትልቁ ተስፋ የተጣለው ግን በራሷ በቢምቢ ላይ ነው። ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ በብዙ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ይኖራል። የተለየ የወልባኪያ ዓይነት የያዘ ወንድ ቢምቢ ከጫካዋ ሴት ጋር ሲገናኝ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ወንድ ቢምቢ ደግሞ አይናከስም፤ በሽታም አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ወንዶች በሄሊኮፕተር በማዊ ተራሮች ላይ፣ ቀጥሎም በካዋይ እየተለቀቁ ነው። ቢምቢ ለሃዋይ ባዕድ ናት፤ በመቀነሷ ጫካው የሚያጣው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ለወፎቹ ፋታ ይሰጣል። ቢምቢን ሰው በመርከቡ አመጣት፤ ተራራ ያወጣት ደግሞ ሰው ያመጣው ሙቀት ነው። አንዱን ጥፋት እያረሙ ሌላውን መተው አያድንም። ሙቀቱ ካልተገታ ፋታውም ያልቃል። ከ50 በላይ ከነበሩት ከእነዚያ የወፍ ዝርያዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት 17 ብቻ ናቸው።