የውጫሌ ውልና የሣጥኑ ብር

ውጫሌ ሲባል ሁላችንም የምናነሣው አንቀጽ 17ን ነው። እኔ ደግሞ ስለ ብር ላጫውታችሁ! አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት ይህ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከተፈረመ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን ኢጣሊያ ሄደው ተጨማሪ ስምምነት ፈረሙ። ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ ማስቀረጽ እንደሚችሉ እዚያ ሰፍሯል፤ የሚቀረጸው ግን በኢጣሊያ ንጉሥ ገንዘብ ቤት ነው። ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ ብራቸውንም ሮም ሳይሆን ፓሪስ አስቀረጹ። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት 1887 ነው፤ የአድዋ ጦርነት ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

አሁን ከአያታችሁ ሣጥን አንድ ትልቅ የብር ገንዘብ ወጣ እንበል። ምንነቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

ወፍራም ሴት ካለችበት፣ ከጀርባውም ባለሁለት ራስ ንስር ካለ፣ ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ። 1780 የሚለው (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እንዳያሳስታችሁ። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቪየናም ሌሎች ከተሞችም ያንኑ ዓመት እያኖሩ ሲቀርጹት ኖረዋል፤ ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። ጎላ ያሉ የላቲን ፊደሎች ታገኛላችሁ፤ «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ናቸው። እኔ ይህን ብልሃት በጣም እወደዋለሁ፤ ብሩን በሞረድ የሸረፈ ሌባ ጽሑፉን ሳያጠፋ አያመልጥም። ድሮ ገበያተኛውም ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ ሳይቀር እየቆጠረ ይመረምር ነበር።

ዘውድ የደፋ ንጉሥና አንበሳ ካለበት የምኒልክ ነው። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከጠገራው ጋር ተቀራርቧል፤ ሁለቱም 28 ግራም ገደማ ናቸው፣ ሕዝቡ የለመደው ያንን ነበርና። የአንበሳውን እግር ልብ በሉ፦ በ1887ቱ ላይ የግራ የፊት እግሩን አንሥቷል፣ በ1892ቱ ላይ ቀኙን።

የኢጣሊያው ንጉሥ ኡምቤርቶ ካለበት ደግሞ ለኤርትራ የተቀረጸው ታለሮ ነው። ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት ታስቦ ነበር፣ አልሆነለትም።

ስንቱ ጠገራ ብር ቀልጦ የአንገት መስቀልና አምባር ሆኖ ቀርቷል! የእናንተውን ወደ አንጥረኛ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠርዙን ዳስሱ፣ ዓመቱን አንብቡ፣ ፎቶ አንሡት። በአሸዋም በአመድም አትፈትጉት።