ሰርዶ የለበሰ ማሳና ትንሿ ትራክተር፦ የሚባለውና የሚሆነው

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ከስሪንቃ እስከ መርሳና ግራና ባለው ሜዳ፣ ሳይታረስ የከረመ ማሳ ቶሎ ሰርዶ ይለብሳል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ በሬውን ያጣ ቤት ብዙ ነው። በሌላ በኩል መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ከግብርና መሣሪያዎች ላይ ቀረጥ አንሥቷል። «ሰርዶውን በትንሽ ትራክተር እንገልብጠው» ማለት ታዲያ የሚያስገርም አይደለም፤ ይቻላልም። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚዞሩት አባባሎች ግን ማሳ ያበላሻሉ።

«ትንሽ ትራክተር ሣር መሬት አይችልም፤ ጉልበቱ ያንሳል።» አንድ ጥማድ በሬ የሚያወጣው ጉልበት ከአንድ የፈረስ ጉልበት ብዙ አይርቅም፤ የወሎን ጠፍ መሬት ሲገምስ የኖረው ግን እሱ ነው። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር አንዲት ገልባጭ ማረሻ ለመጎተት ጉልበት አያንሰውም። የሚያንሰው ክብደት ነው። ትልቁ ትራክተር ከ30 ኩንታል በላይ ስለሚመዝን መሬቱን ጨብጦ ይሄዳል፤ ትንሿ ግን ጎማዋ ሣሩ ላይ ይሽከረከርና ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ጎማው ላይ ብረት መጫን ወይም ውስጡ ውሃ መሙላት ነው፤ በእጅ ለሚነዳው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ደግሞ ጥርስ ያለው የብረት ጎማ መግጠም።

ቀጥሎ ስለት ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። የሣር መሬት ጥንካሬ ያለው ሥሩ ላይ ነው። የደነዘ ማረሻ ሥሩን አይቆርጠውም፤ ይቦጭቀዋል፤ ሣሩም ማረሻው ላይ ይጠመጠማል። ከማረሻው ፊት የሚሽከረከር ክብ ቢላዋ ሲገጠም ግን ቢላዋው ከላይ ወደ ታች፣ ማረሻው ከሥር ይቆርጣል፤ አፈሩም እንደ ድፎ ቁራሽ ተላቆ ይገለበጣል። ቢላዋው ከማረሻው ጥልቀት ግማሽ ያህል ይግባ፤ ወዳልታረሰው ወገንም አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። በእኔ እምነት ገንዘብ ያነሰው ሰው ትልቅ ሞተር ከሚመኝ አስቀድሞ ይህን ቢላዋ ያሠራ።

«በጥልቀት በታረሰ ቁጥር ሰርዶው ይሞታል።» አፈሩ ሙሉ ለሙሉ የሚገለበጠው ወርዱ የጥልቀቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ የሚቆርጥ ማረሻ ለሣር መሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ሲጠልቅ የተቆረጠው አፈር በጠርዙ ይቆማል ወይም ወደ ትልሙ ተመልሶ ይወድቃል፤ ሣሩም ፀሐይ እያየ ያድጋል። የመጀመሪያው ትልም ባያምር ደግሞ አያስቆጣ። ሁለተኛው ላይ የትራክተሩ ቀኝ ጎማ ትልሙ ውስጥ ስለሚገባ ማሽኑ ያዘነብላል፤ ማረሻው ከትራክተሩ ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር እንዲስተካከል የቀኙን ማንሻ እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። «ማረሻው አይረባም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ይህ ስላልተደረገ ነው።

«ዝናብ ሲጠግብ ይለሰልሳል፤ ያኔ ይታረስ።» ዋልካ ሲጠግብ መለስለሱ እውነት ነው፤ ማረሻና ጎማ ሲያልፍበት ግን ይለሰናል፤ ሲደርቅም በመዶሻ የማይፈረካከስ ጓል ይሆናል። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ከማረሻው ጥልቀት አፈር አውጥቶ በመዳፍ ማሸት ይጠቅማል። እንደ እርሳስ እምብርት ቀጥኖ ሳይቆረጥ ከተድቦለቦለ ገና ነው፤ ሲፈረካከስ ደርሷል። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ አፈሩ ውሃውን አጥልሎ ሳይደርቅ ያለው ጊዜ ለዚህ ምቹ ነው፤ ከፊቱ ሰርዶውን የሚያደርቅ ረጅም በጋ አለና።

«ሮታቬተር ሰርዶን አድቅቆ ያጠፋዋል።» ከሁሉም የከፋው አባባል ይህ ነው፤ ሮታቬተር በሚሽከረከሩ ስለቶች አፈሩን የሚከትፍ መሣሪያ ነውና። ሰርዶ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ እርጥበት ካገኘ አዲስ ሰርዶ ነው። እርጥብ ማሳ ላይ ሮታቬተር ያዞረ ሰው ማሳው ለሳምንት ያማረ ይመስለዋል፤ ከአንድ ዝናብ በኋላ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ ዘርቶ ያገኘዋል። መገልበጥ ብቻውንም አይገድለውም። ሁነኛው መንገድ ከክረምት ዝናብ በኋላ ገልብጦ ሥሩን ለበጋ ፀሐይ መስጠት፣ ከዚያ በሬ ካለ በማረሻ እየፈለቀቁ ሥሩን ከማሳ ማውጣት ነው። የአገራችን ማረሻ ሰርዶን ሳይከትፍ ይጎትታል፤ በዚህ ሥራ ከብዙ ማሽን ይበልጣል።

«ካልተሰቀለ አልታረሰም።» ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። በበሬ የሚሳበው ማረሻ የሚያወጣው ትልም ታች ሲደርስ ስለሚጠብ በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ መሬት ይቀራል፤ መስቀለኛ ማረስ የሚያስፈልገው ይህን ለመንካት ነው። የአገራችንን ማረሻ ያጠኑት ዶክተር መለሰ ተመስገን ይህንኑ አሳይተዋል፤ ተዳፋት ላይ መስቀሉ ትልሙን ሽቅብና ቁልቁል አድርጎ አፈሩን ለጎርፍ እንደሚያጋልጥም ጭምር። ገልባጭ ማረሻ ግን ወርዱን ሙሉ ይቆርጣል። ተራ ሣር ከተገለበጠ በኋላ መልሶ በጥልቀት ማረስ የተቀበረውን ማውጣት ነው፤ ላይ ላዩን መከስከስ ይበቃል። የተቀበረው ሣር ሲበሰብስ ናይትሮጅን ስለሚሻማ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተዘራ ማሽላ ይገረጣል፤ ሣሩ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበስብስ።

ሁሉም ሣር ግን መገልበጥ የለበትም። ከመርሳ በስተምዕራብ ወዳለው ተራራ የሚወጣው ተዳፋት፣ የእርከን ጫፍና የወንዝ ዳር ላይ አፈሩን የያዘው ያው ሰርዶ ነው። እዚያ ትንሽ ትራክተር ቀላልና አጭር ስለሆነች «አትገለበጥም» ይባላል፤ ተዳፋት ላይ አግድም ስትሄድ የታችኛው ጎማዋ ትልም ውስጥ ከገባ ግን ሰው ላይ ትወድቃለች። ያ ሣር እየታጨደ ለከብት ይሁን፤ ትራክተሯ ሜዳውን ትረስ።