ከሁለቱ ቤተሰቦች የተቸገረው የትኛው ነው?

በፊዚክስ ሁለት መጠኖችን ከማነጻጸራችን በፊት በአንድ አሃድ መለካታቸውን እናረጋግጣለን፤ ክንድን ከሜትር ጋር አንደምርም። የቤተሰቦች ኑሮ ሲነጻጸር ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በአዳማ ከተማ ሁለት ቤተሰቦች ይኖራሉ እንበል። በመጀመሪያው ቤት ባልና ሚስት ብቻ አሉ፤ የወር ወጪያቸው 6,000 ብር ነው። በሁለተኛው ቤት ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ወጪያቸው 15,000 ብር ነው። በነፍስ ወከፍ ብናካፍል ለመጀመሪያው 3,000፣ ለሁለተኛው 2,500 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የተቸገረው ሁለተኛው ነው ማለት ነውን?

ለመፍረድ አንቸኩል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን የአባቱን ያህል አይመገብም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለሁለት ሰዎች የበራ አምፖል ለስድስትም ያበራል፤ አንዱ የበላውን እንጀራ ግን ሌላው ሊበላው አይችልም። በዚህም ምክንያት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ወጪን በሰው ቁጥር ሳይሆን «በአዋቂ አቻ» ያካፍላሉ።

በአውሮፓ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ለመጀመሪያው አዋቂ 1፣ ለተጨማሪ አዋቂ 0.5፣ ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ 0.3 ይሰጣል። ልጆቹ ሁሉ ከ14 ዓመት በታች ከሆኑ ሁለቱ ቤተሰቦች 1.5 እና 2.7 አቻ ይሆናሉ፤ ድርሻቸውም 4,000 እና 5,556 ብር ገደማ ይሆናል። ውጤቱ ተገለበጠ!

ይህን መለኪያ እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት ግን አይቻልም። ጀርመናዊው ኤርነስት ኤንገል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳሳየው፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከወጪው ለምግብ የሚውለው ድርሻ ያድጋል፤ ምግብ ደግሞ እንደ አምፖል ብርሃን በጋራ አይጠቀሙበትም። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ፣ 3,772 ብር፣ የምግብ ነው። ስለዚህም በአገራችን ስሌት አቻው የሚወሰነው በዕድሜና በጾታ በሚለያየው የምግብ ኃይል ፍላጎት ነው።

ለማቃለል ለእያንዳንዱ ወላጅ 1፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን 0.5 እንስጥ። ሁለተኛው ቤተሰብ 4 አቻ ይሆንና 3,750 ብር ይደርሰዋል፤ ከመጀመሪያው ይሻላል። ልጆቹ አድገው 0.75 ሲሆኑ ሁለቱ ቤቶች እኩል 3,000 ላይ ይገናኛሉ። ጎረምሶች ሆነው 0.9 ሲደርሱ ደግሞ የሁለተኛው ድርሻ ወደ 2,680 ብር ይወርዳል። የሰው ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የወጪው ብርም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የልጆቹ ዕድሜ ብቻ ነው።

ቦታም ልዩነት ያመጣል። በአዳማ ተከራይ የሆነ ቤተሰብ የቤት ኪራዩን አባላቱ ሁሉ ስለሚጋሩት በአንድነት መኖሩ ብዙ ወጪ ያድንለታል። በመቂና በባቱ ዙሪያ በራሱ ጎጆ የሚኖር ገበሬ ግን ወጪው በአብዛኛው ምግብ በመሆኑ ከመጋራት የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የስሌት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. አዳማን ጨምሮ በ11 ከተሞች እንደተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ያለ ፕሮግራም፣ ድሃውን ከድሃ መለየት ግድ ይለዋል። ለልጆች የሚሰጠው ክብደት እጅግ ካነሰ ልጅ የበዛበት ቤት ከችግረኞች ዝርዝር ይወጣል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊት ይዘነጋሉ። ስለዚህ የድህነት አሃዝ ባነበብን ቁጥር «በየትኛው አሃድ ተለካ?» ብለን እንጠይቅ።